ሊያንቶ ለምን ሮጦ ወጣ

ማክሰኞ፣ ጁላይ 1

ዛሬ ሃያ አራት ማሊያ አጠብኩ። የዘንድሮ ልጆች ላባቸው እንኳ ሽቶ ሽቶ ይላል። በኛ ጊዜ ማሊያ የታጠበበት ውኃ ጭቃ ነበር የሚመስለው።

ከሰዓት በኋላ ናዲራ መጣች። አዲሱ ባለቤት ከጃካርታ ያመጣት የማስታወቂያ ኃላፊ ናት፣ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ። ያለ ስልክ እጇን አይቼው አላውቅም። "ፓክ" ትለኛለች፣ አቶ እንደ ማለት።

"ፓክ ሩስ፣ ክለቡ ሴፕቴምበር ላይ አርባ ዓመት ይሞላዋል። መጽሐፍ እናወጣለን። ታሪኩን እርስዎ ይጻፉልን።"

"እኔ? ለምን እኔ?"

"የሚያውቁት ሰዎች ሞተዋላ።"

"ሁሉም አልሞቱም።"

"ያልሞቱት ደግሞ ስልክ አያነሱም።"

እኔ አነሳለሁ። በዚህ ችሎታዬ የታሪክ ጸሐፊ ሆንኩ።

አሥራ አንድ ዓመት ቅርጫት ኳስ ተጫውቻለሁ... ተጫውቻለሁ እንኳ ተጋኗል። አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጫለሁ። በመላው ኬዲሪ ከተማ የዚያን አግዳሚ ወንበር እንጨት እንደኔ የሚያውቅ ቂጥ የለም። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ማሊያ አጣቢ፣ ኳስ ነፊ፣ ቁልፍ ያዥ። ግን ከወንበር ላይ ሁሉም ነገር ይታያል። የሚሮጥ ሰው ምን ያያል?

ሐሙስ፣ ጁላይ 3

ጀመርኩ።

በ1985 ኦም ሊም የአኩሪ አተር ስጎ ፋብሪካ ነበረው። ዘመዱም ባዳውም "ኦም" ነበር የሚለው፣ አጎቴ እንደ ማለት። ጠርሙሱ ላይ የጃንጥላ ሥዕል ስለነበር ቡድኑም "ፓዩንግ" ተባለ፣ ጃንጥላ። ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራ ስም አልተገኘም። መጀመሪያ ሱራባያ ሄደን ስንጫወት የነሱ ደጋፊዎች አዳራሽ ውስጥ ጃንጥላ ዘርግተው ጠበቁን። "ዘነበባችሁ! ዘነበባችሁ!" በሠላሳ ነጥብ ዘነበብን።

ጠዋት ጠርሙስ እንሞላለን፣ ከሰዓት እንለማመዳለን። ኳሱ ራሱ ስጎ ስጎ ይላል። በመጀመሪያው ዓመት አሥራ ስምንት ጨዋታ፣ አሥራ ሰባት ሽንፈት። ያሸነፍነው አንዱ የተጋጣሚዎቻችን አውቶቡስ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ስለቀሩ ነው።

ናዲራ ይሄን ምዕራፍ "የጀግንነት ጅማሬ" ብላዋለች። ለአውቶቡሱ ምስጋና ይድረሰው።

እሑድ፣ ጁላይ 6

እስከ 1990 ያለውን ጽፌ ጨረስኩ። ኦም ሊም በ1996 ሲሞት ልጆቹ ቡድኑን ለፍራሽ ፋብሪካ ሰጡት። አዲሱ ስማችን "ንዬንያክ"። ድብን ያለ እንቅልፍ ማለት ነው። ተከላካዮቻችን ስሙን በሚገባ አስከበሩት። ደጋፊው "ቀስ በሉ፣ እንዳትቀሰቅሷቸው!" እያለ ይጮህብን ነበር። ከፍራሹ በኋላ የትንኝ ማባረሪያ ፋብሪካ መጣ። ለመክፈቻው ቀን አዳራሹ ውስጥ ያን ሁሉ ጭስ ለቀቁት፣ ትንኟ ቀርታ ዳኛው ወደቀ። አሁን ደግሞ የኑድል ፋብሪካ ነን።

ቱቲክ ሩዝ እያበሰለች ከኋላዬ ቆማ ታነባለች። በትዳር ሠላሳ አራት ዓመት የኖረች ሚስት ፈቃድ አትጠይቅም።

"ከ1990 ወደ 1996 ዘለልክ እኮ።"

"እመለስበታለሁ።"

"1991 አይደል እንዴ ፍጻሜ የደረሳችሁት?"

"አውቃለሁ ቱቲክ።"

"ታዲያ ዋናውን ነገር..."

"ሩዙ እያረረ ነው።"

አላረረም።

ረቡዕ፣ ጁላይ 9

ዛሬ አልጻፍኩም። ኮምፒውተሩ እምቢ አለኝ።

...ኮምፒውተሩ ደህና ነው። እዚህ ደብተር ላይ ማንን ነው የምዋሸው?

ቅዳሜ፣ ጁላይ 12

ናዲራ እየሮጠች መጣች። የድሮ ጋዜጣ አግኝታለች። "የሊያንቶ ክህደት" ይላል፣ በትልቁ።

"ፓክ፣ ይሄ ወርቅ ነው! ክለቡ በታሪኩ አንዴ ፍጻሜ ይደርሳል፣ ኮከቡ ጉቦ በልቶ ጨዋታውን ይሸጣል፣ ከሜዳ ይጠፋል! ፊልም እኮ ነው!"

"ጉቦ ሲበላ ማን አየው?"

"ሁሉም ሰው ያውቃል።"

"ማን አየ ነው ያልኩሽ።"

ስልኳን አወረደችው። ይሄ ብርቅ ነው።

"እርስዎ እዚያ ነበሩ አይደል? ምን አዩ?"

ማሊያ ላስጣ ብዬ ወጣሁ። የሚሰጣ ማሊያ አልነበረም። ባዶ ገመድ ስር ትንሽ ቆምኩ።

እሑድ፣ ጁላይ 13

እሺ። አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

1991፣ ሱራባያ፣ ፍጻሜ፣ ከጃካርታዎቹ ጋር። ሊያንቶ የጫማ ነጋዴ ልጅ ነው፣ በሃያ ስድስት ዓመቱ በምሥራቅ ጃቫ የሚወዳደረው አልነበረም። ሆቴል ስንገባ አንድ ክፍል ነው የምንጋራው። እሱ ኳስ ያገባል፣ እኔ አንኮራፋለሁ።

አሰልጣኙ ፓክ ቶጋር ነበር። የባታክ ብሔር ሰው ነው፣ "እንደምን አደርክ" ሲልህ ራሱ የተቆጣህ ይመስልሃል። ሕጉ አንድ ነው፣ ከመንገድ ላይ ምግብ የገዛ ይባረራል።

የጨዋታው ቀን ምሳ ላይ ሊያንቶ "የዚህ ሆቴል ሩዝ ሳሙና ሳሙና ይላል፣ አልበላም" አለ። እኔ ተንኮለኛው በጓሮ ወጥቼ ሩጃክ ቺንጉር ገዛሁ። የተቀቀለ የከብት አፍንጫ ከአትክልትና ከፍራፍሬ ጋር፣ ላዩ ላይ ጥቁር የሽሪምፕ ስጎ የፈሰሰበት። አፍንጫው ፀሐይ ላይ ስንት ሰዓት እንደዋለ አምላክ ይወቅ። ሁለት ጥቅል። እኩል በላን። የኔ ሆድ ሲሚንቶ መፍጨት ይችላል። የሱ የሰው ሆድ ነበር።

71 ለ 72፣ አራት ሰከንድ ቀርቷል። ሊያንቶ ሁለት ነፃ ውርወራ አገኘ። አንዱን ካገባ እኩል፣ ሁለቱን ካገባ ዋንጫ። ፊቱን አየሁት... ጎመን መስሏል። በዚያች ደቂቃ ገባኝ። የመጀመሪያው ኳስ ቀለበቱ ጋ ሳይደርስ ወደቀ። ሁለተኛው የሰሌዳውን ጠርዝ መትቶ ወጣ። ፊሽካ፣ ኳሱ የነሱ። ሊያንቶ ማንንም ሳያይ፣ አንድ እጁን ሆዱ ላይ፣ አንድ እጁን ከኋላው አድርጎ ሮጠ። አምስት ሺህ ሰው እያየው።

"ሩስ! ግባ!" ብሎ ጮኸ ፓክ ቶጋር።

ገባሁ። ፍጻሜ! ያገኘሁትን የመጀመሪያ ሰው ግጥም አድርጌ አቀፍኩት። ፋውል። ሁለቱንም አገቡ። 71 ለ 74። የሕይወቴ ትልቁ ጨዋታ አራት ሰከንድ ነው፣ እሱንም ያገኘሁት ኮከቡን መርዤ ነው።

ሊያንቶ ለሽልማቱ አልተመለሰም። ሱሪው... በቃ፣ አልተመለሰም። በጓሮ በር ሄደ። በማግስቱ "ፖስታ ተቀብሎ ነው" ተባለ። ምስክር የጠየቀ የለም። "ቻይና አይደል? ገንዘብ ሲያይ ምን ያደርጋል?" ተባለ። ደመወዛችንን የሚከፍለን ኦም ሊምም ቻይና መሆኑ ለማንም ትዝ አላለውም።

ፓክ ቶጋር ጠራኝ።

"ሆዴን አሞኝ ነው ይላል። ሩስን ጠይቁት ይላል። አሞት ነበር?"

ቱቲክን ካገባሁ ገና ሦስት ወሬ ነበር። ሥራዬ የፋብሪካው፣ የምተኛበት ቤት የፋብሪካው።

"አላየሁም፣ ፓክ።"

ተባረረ። በሳምንቱ የአባቱን ሱቅ መስታወት በድንጋይ አወረዱት።

እሑድ፣ ጁላይ 20

ቱሉንጋጉንግ ሄድኩ። ሊያንቶ እዚያ ዓሣ እንደሚያረባ ከሰማሁ ሃያ ዓመት ሆኖኛል። በአውቶቡስ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው።

አራት ኩሬ አለው። ጸጉሩ ነጭ ሆኗል፣ ቁመቱ ግን ያው ነው፣ ኩሬው ውስጥ ቆሞ እንኳ ከኔ ይረዝማል።

"ምን ልርዳዎት?" አለኝ።

አላወቀኝም? ወይስ...

"ዓሣ" አልኩ።

"ስንት ኪሎ?"

"ሦስት።"

ገዝቼ መጣሁ። ጀግና።

ቱቲክ ፌስታሉን ከፍታ አየችና እኔን አየች። "ለሁለት ሰው ሦስት ኪሎ ዓሣ? ከቱሉንጋጉንግ? ሴት አለችህ እንዴ?"

ነገርኳት። ሁሉንም። የከብት አፍንጫው ጋ ስደርስ ሳቀች፣ ሮጦ ሲወጣ ጋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። "አላየሁም" ያልኩት ጋ ስደርስ ግን እንባዋን ጠርጋ ቀና ብላ አየችኝ።

"በኔ ምክንያት ነው የዋሸኸው?"

"አዲስ ሙሽራ ስለነበርን..."

"እኔን እዚህ ውስጥ አትክተተኝ። ብትጠይቀኝ ገጠር አባቴ ቤት ገብተን በቆሎ እንተክል ነበር። ጠይቀኸኛል?"

"አይ።"

"ተመለስና ንገረው።" ቢላዋ አነሳች። "ዓሣውን ግን እንበላዋለን። እሱ ምን አደረገ?"

እሑድ፣ ጁላይ 27

ነገርኩት።

ሊያንቶ መረብ እየጠገነ ነበር። ቀና አላለም።

"ባለፈው ሳምንት ሦስት ኪሎ ስትገዛ ነው ያወቅሁህ" አለ። "ተጠባባቂው ሩስ። አረማመድህ አልተለወጠም፣ ወንበር የምትፈልግ ነው የምትመስለው።"

"ሊያን፣ ያ ሩጃክ..."

"ሩጃኩ መሆኑን አላውቅም ብለህ ነው? ከውስጤ የወጣው እኮ ከኔ ነው የወጣው።"

መሳቅ አለብኝ ወይስ የለብኝም? አልሳቅኩም።

"ቶጋር ጠይቆኝ ነበር። አላየሁም አልኩት።"

"እሱንም አውቃለሁ። ነግሮኛል። 'የራስህ ጓደኛ እንኳ አላየሁም አለ' ብሎ ነው ያባረረኝ።" መረቡን አስቀመጠ። "ሁለት ዓመት ጠበቅሁህ፣ ሩስ። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል። ፈርቶ ነው፣ አሁን አግብቷል... እኔው ሰበብ እፈልግልህ ነበር። ከዚያ ተውኩት። ዓሣ ማርባት ይሻላል። ዓሣ አንተን አይጠብቅም።"

"መጽሐፍ ላይ ልጽፈው ነው። ሁሉንም።"

"ለኔ ብለህ ከሆነ ተወው።"

"ለምን?"

"ማንበብ የነበረበት ሰው ሞቷል። አባቴ አሥራ አራት ዓመት አብሮኝ እየበላ አላናገረኝም። ጨው አቀብለኝ እንኳ አላለኝም፣ ተነስቶ ራሱ ያመጣል። ያን መስታወት ባየ ቁጥር እኔን ነበር የሚያየው። ሞተ።"

ይቅርታ አልኩ። ቃሉ ከአፌ ወጥቶ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠ።

"ሰማሁ" አለና መረቡን አነሳ። "አውቶቡስ እንዳያመልጥህ።"

ቅዳሜ፣ ኦገስት 2

ጻፍኩት። ስድስት ገጽ። ለናዲራ ሰጠኋት። ቆማ አነበበች፣ ተቀመጠች፣ ጨረሰች።

"ፓክ ሩስ... እውነት ነው?"

"ስጎውም ሳይቀር።"

"አሳዛኝ ነው። ደግሞ በጣም ያስቃል። ደግሞ አይሆንም።"

"ለምን?"

"ስፖንሰራችን የምግብ ፋብሪካ ነው! ተቅማጥ ያለበት መጽሐፍ ላይ የኑድል ሥዕል እንለጥፍ?"

"ክህደቱስ?"

"ክህደቱ እንዳለ ይወጣል። አለቃ ወዶታል። ሽፋኑ ጀርባ ላይ ሁሉ አስገብቶታል።"

"ውሸት ነው እያልኩሽ!"

"እኔ ልቀይረው አልችልም ፓክ። ተቀጣሪ ነኝ።" ዓይኔን ሸሸች። "ቤቴም ኪራይ ነው።"

ልቆጣት ፈልጌ ነበር። በምን አፌ?

እሑድ፣ ኦገስት 17

የነፃነት በዓል። በሰፈራችን ውድድር በገመድ የተንጠለጠለ ብስኩት ያለ እጅ በመብላት ከስምንት ዓመት ሕፃን ጋር ተወዳድሬ ተሸነፍኩ። ልጁ "አያቴ፣ አፍዎን በደንብ ይክፈቱ እንጂ" አለኝ።

ቱቲክ በሳቅ ሞተች። ከዚያ በጆሮዬ፣ "ምክሩ ደህና ነው" አለችኝ።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 4

መጽሐፉ ታትሞ መጣ። አራት መቶ። የት ያስቀምጡት? የማሊያ ክፍል ውስጥ። ቁልፉ ማን ጋ ነው?

አንዳንዴ አምላክም ቀልደኛ ነው።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 5

ስድስቱን ገጽ ወደ አንድ ወረቀት አሳጠርኩ። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሰውዬ "አራት መቶ? ለምርጫ ልትወዳደር ነው?" አለኝ። አናቱ ላይ "ሊያንቶ ለምን ሮጦ ወጣ" ብዬ ነው የጻፍኩት፣ ከታች ሙሉ ስሜን። ገጽ 31 ላይ፣ "ክህደት" የሚለው ምዕራፍ ፊት እንለጥፋለን።

ከጠዋት ጀምሮ ቱቲክ ሙጫ ትቀባለች፣ እኔ እጫናለሁ። ጣቶቻችን እርስ በርስ ተጣበቁ። "ከሠርጋችን ወዲህ እንዲህ ተያይዘን አናውቅም" አለች። ሁለት መቶኛው ላይ ወገቧን ያዘች። ሥራውን ግን አልተወችውም።

ከሰዓት ናዲራ በሩን ከፍታ ገባች። ሙጫውን አየች። ወረቀቱን አየች። እኛን አየች። አንዱን መጽሐፍ አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና፣ "ማሊያ ፍለጋ ነበር የመጣሁት፣ ማንንም አላየሁም" ብላ በሩን ዘግታው ወጣች።

አላየሁም... ያ ቃል ለደግ ሲውል መጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 6

በዓሉ። ንግግር፣ ኬክ፣ ዘፈን፣ ሌላ ንግግር። መጽሐፉ ወንበር ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። የክለቡ ባለቤት "የአርባ ዓመት ታማኝነት" ሲል ከኋላ ረድፍ አንዱ ሳቁን አፈነዳው። ከዚያ ሌላው። ሳቁ ረድፍ በረድፍ ወደ ፊት ሄደ። ከዚያ ቀስ እያለ ዝም፣ ዝም፣ ዝም። ወረቀቱ መጨረሻ ላይ የሚያስቅ ነገር አልጻፍኩም። ድንጋዩን ነው የጻፍኩት።

ፓክ ቶጋር ከማላንግ በተሽከርካሪ ወንበር መጥቷል። ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው። ልጁ አነበበችለት። ከዚያ ያ ድምፁ፣ ሙሉው አዳራሽ እየሰማ፦

"ሩስ!"

ሮጥኩ። በስድሳ ሁለት ዓመቴ ሮጥኩ።

"ያኔ ለምን ዋሸኸኝ?"

"ታባርረኝ ነበር ፓክ።"

"አዎ፣ አባርርህ ነበር! አሁንም ተባርረሃል! ውጣ ከቡድኔ!"

ቡድኑ የሱ መሆኑ ከቀረ ሃያ ስድስት ዓመት አልፎታል። ቢሆንም ወጣሁ። በሩ ጋ ስደርስ ለልጁ እንዲህ ሲላት ሰማሁ፦ "ምን ዓይነት አሰልጣኝ ነበርኩ? አንድ ሰው ብቻ ጠይቄ..."

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 8

ባለቤቱም አባረረኝ። በሁለት ቀን ሁለት ጊዜ። ቁልፉን መለስኩ። ናዲራ እስከ በሩ ሸኘችኝ፣ ስልኳን ሳትነካ።

ገበያ ውስጥ ቅጠል ሻጯ "ሌላ ነገር ቢሆን እሺ፣ የከብት አፍንጫ?" አለችኝ። ዓሣ ሻጩ ግን እጄን አልጨበጠኝም። አባቱ የሊያንቶ አባት ጎረቤት ነበር። ልክ ነው።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 21

ሐሙስ ስልክ ተደወለ። ሊያንቶ።

"ያ ሽማግሌ ቶጋር መጣብኝ። ሲያለቅስም እንደዚያ ይጮሃል እንዴ? ዓሦቼ ሁሉ ወደ ጥግ ሸሹ። አንተ ነህ የላክኸው?"

"እኔ አልላክሁትም።"

"ምሳዬንም በላብኝ። እሑድ ትልቁን ኩሬ አፈሳለሁ። ሠራተኛዬ ታሟል። ሥራ ፈት ነህ ሲሉ ሰማሁ።"

ዛሬ ሄድኩ። እስከ ጉልበታችን ጭቃ ውስጥ ገብተን ከጠዋት ጀምሮ ዓሣ ለቀምን። ስለ ኳስ አንድ ቃል አልተነሳም። ሁለቴ ወደቅሁ፣ ሁለቴም አላነሳኝም፣ ሁለቴም ሳቀ። ጎረቤቱ በአጥሩ አናት ብቅ ብሎ "ይሄ ማነው?" አለው። ሊያንቶ ላቡን ጠረገና፣ "በውሸት የቀበረኝ ሰውዬ ነው" አለው፣ ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ። ጎረቤቱ ራሱን ነቀነቀና ሄደ።

እጃችንን ስንታጠብ ነው የነገረኝ። ቶጋር ያመጣለትን ወረቀት ይዞ አባቱ መቃብር ሄዷል።

"እኔ ቤተ ክርስቲያን ነው የምሄደው" አለ። "አባቴ ግን የድሮ ሰው ነበር። ለሞተ ሰው ወረቀት ሲቃጠል ይደርሰዋል ይል ነበር። አንብቤለት አቃጠልኩት።"

"ምን ተሰማህ?"

"ነፋስ ነበር። ክብሪቱ አምስቴ ጠፋብኝ።" ፎጣውን ወረወረልኝ። "ከዚያ እዚያው ቁጭ ብዬ ምሳዬን በላሁ። አብሬው ከበላሁ ሃያ ዓመት ሆኖኝ ነበር።"

ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም። እኔም አልጠየቅኩትም። አንድ ዓሣ በቅጠል ጠቅልሎ ሰጠኝና ሐሙስ ሁለተኛው ኩሬ ነው፣ ቦት ጫማ ይዘህ ና፣ አለኝ።

አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ሽታዬን መቋቋም አቅቷት ተነስታ ሄደች። ሁለት ቦታ ላይ ተንሰራፍቼ ኬዲሪ ገባሁ።